ከክሊኒኩ ግቢ የወጡ ዕቃዎች

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸፋፍኛለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አክስታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሥራ ፈትቼ ከምንቆራጠጥ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን ልጃችንን ሆስፒታል ሳንደርስ መንገድ ላይ እንዳጣነው ታውቂያለሽ። ስለዚህ የሰፈራችን ክሊኒክ ሊታደስ ነው፣ ዕቃውን ጠግንልን ሲሉኝ መሣሪያዬን ይዤ በሩጫ ሄድኩ። ሰው ከየቤቱ ያዋጣውን አሮጌ ወንበርና ቁምሳጥን ወገቤ ቁርጥ እስኪል ፋቅሁ፣ በኮላ አጣበቅሁ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ። ዝጎ የተጣለውን የማዋለጃ አልጋ እንኳ አዲስ አስመሰልኩት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ስገባ ባለመደገፊያው ወንበር የለም። ጥቂት ቆይቶ ትንሿ ቁምሳጥን ጠፋች። መጀመሪያ ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ሰፈሩ «አያልፍም» ይለዋል፤ እኔን ስወጣ ምስማር ይዤ እንደሆነ ኪሴን ሳይፈትሽ አይለቀኝም። ቁምሳጥን በየት በኩል አለፈ? ስጠይቀው «እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለኝ፣ ወደ ሌላ እያየ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። የክሊኒኩ ኃላፊም ከጥርጣሬዬ አልተረፈም። በመጣ ቁጥር ቫርኒሹን ይዳብሳል፤ ለሳሎኑ እየመረጠ ነው አልኩ። ግድግዳውን የሚቀባው ቀለም ቀቢ «መጠርጠሩን ለእኛ ተውና እንጨትህን ጠግን» እያለ ሲቀልድብኝ እሱንም ጠረጠርኩት።

በመጨረሻ ማንም ቤቱ ሊያስገባው የማይመኘውን አስቀያሚ አረንጓዴ ቀለም አምጥቼ ያንን የመሰለ እንጨት ሁሉ ለቀለቅሁት። ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ሌላ ወንበር ሄደ። በማግሥቱ የክሊኒኩ አዋላጅ ነጭ ጋውን እጅጌ ላይ አረንጓዴ አየሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተከተልኳት። ቤቷ ከክሊኒኩ ጀርባ ነው። እጅ ከፍንጅ ልይዛት በሩን ገፋ ሳደርግ፣ አንዲት ሴት የእኔን ወንበር መደገፊያ ጨምድዳ ይዛ ታምጣለች። ቁምሳጥኗ ጥግ ቆማለች፤ ውስጧ ፋሻና መቀስ ተደርድሯል። አዋላጇ ወደ ውጭ ገፋችኝና፣ የምረቃው ሪባን ሳይቆረጥ ክሊኒኩ አይነካም መባሉን፣ ሪባን ቆራጩ ሰውዬ ደግሞ ቀኑን እየገፋ መሆኑን ነገረችኝ። «ምጥ ቀጠሮ ይጠብቃል እንዴ? የሚስትህስ ወር መቼ ነው?» አለችኝ።

ትናንት አልጋውን ፈታትቼ በጋሪ ጫንኩት። አያልፍም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልኝ፤ እንዳይንኳኳም ከኋላ ደገፈልኝ። ከሰዓት ኃላፊው መጥቶ ባዶውን የማዋለጃ ክፍል ሲያይ ደነገጠ። «አንተ ሰው መጠርጠር ታውቃለህ፤ ማንን ትጠረጥራለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንንም አልጠረጥርም» አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ።

ባለቤቴን ዛሬ ሳይነጋ ምጥ ጀመራት። አሁን እዚያ አልጋ ላይ ናት፤ እኔ ከደጅ ተቀምጫለሁ። አዋላጇ አልፎ አልፎ ብቅ ትልና ሁሉም ደህና ነው ትለኛለች። ፊቷን አጠናለሁ፣ ድምፅዋን አዳምጣለሁ፣ የምትደብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። እትዬ፣ በዕድሜዬ ሰው ለማመን እንደዛሬ ፈልጌ አላውቅም።

ለባለቤትሽ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹን ጆሯቸውን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። አክስታችንን ለእኛ ትጸልይልን በያት፣ ምክንያቱን ግን ለጊዜው አትንገሪያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአዋላጇ ደጃፍ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ