ድንኳን በነፃ የሚተከልባቸው ቦታዎች፣ ለመስፍን

ኅዳር 3፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ ከጎባ እስከ ሃረና ድንኳን በነፃ የሚተከልበትን ቦታ በሙሉ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ በሙሉ አይደለም። ግማሹን ያገኘችው ፈረሴ ዳማ ናት። እሷ ጥሩ ሣር ስታይ ትቆማለች፣ እኔ እዚያ ሰው አሳድራለሁ። ግን መጻፍ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ክብሩ የእኔ ነው።

ገብሷን ሰጠኋት። ዛሬም ጭነት የለም። ሦስተኛ ሳምንት። ምክንያቱን ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ መስፍን።

የሮቤ ልጅ ነው፣ አስጎብኚ። እሱ እንግዳ ያመጣል፣ እኔ ዕቃ በፈረስ ጭኜ ማደሪያ አሳያለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ በላን። ከዚያ የማታ ት/ቤት ገባሁ። አስተማሪዋ የምታውቁትን ጻፉ አለችን። ጻፍኩ። ከፓርኩ ክልል ውጪ ያሉ፣ አጥርም ዘበኛም የሌላቸው አሥራ አንድ ቦታዎች። የቱ ጋ ውሃ አለ፣ የቱ ጋ ነፋስ ድንኳን ይነቅላል፣ የቱ ጋ ጭቃ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ! ጉራዬ አላስቀምጥ አለኝ፣ ለመስፍን አሳየሁት። ጎበዝ ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጠራኝም። የሌላ ሰው በቅሎ ይከራያል፣ መንገዱን ከእኔ ጽሑፍ ያነባል።

መጻፍ ሳልችል ጭንቅላቴን ማንም አልዘረፈውም ነበር።

ኅዳር 5፣ ከገበያ መልስ

አገኘሁት። ጥቁር መነጽር፣ አዲስ ጃኬት። ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ከድር! ጽሑፍህ እኮ ካንተ ይሻላል፤ መንገድ ያሳያል፣ ገብስ አይጠይቅም!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉ በላይ ሳቅኩ። ቤት ስደርስ መንጋጋዬ ያመኛል።

ሚስቴ ዘይነባ ታየኛለች። ፈረሲቱ ትወፍራለች አንተ ትከሳለህ፣ ምንድን ነው የምትመካከሩት አለችኝ። ስለ በቀል አልኳት። እራት ብላ አለችኝ።

ኅዳር 7፣ ከምሳ በኋላ

ደወለ! ራሱ ደወለ። ከመኪና መንገድ የማይርቅ አዲስ ቦታ ካለህ ጻፍልኝ፣ ለኅዳር 10 አዳር ነው አለ። እንደ ጸሐፊው ሊቆጥረኝ ነው። እሺ ጌታዬ።

ጻፍኩለት። አሥራ ሁለተኛ ቦታ። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ለምለም ሣር፣ ምንጭ አጠገቡ፣ ነፋስ የለም። አንድ ቃል ውሸት የለበትም፣ በልጆቼ። አንድ ነገር ብቻ ተውኩ። ምንጩ ሆራ ነው። ጨዋማ ውሃ፣ ከብት የሚያብድለት። ከክረምት ጀምሮ ተዘግቶ ስለከረመ ነው ሣሩ ያማረው። ኅዳር 11 ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። ቀኑን የቆረጡት የሆራው ሽማግሌ ኦቦ አማን ናቸው፣ አገር ሁሉ ያውቃል። ከብት የሆራ ሽታ ከሸተተው ደግሞ እረኛ አይመልሰውም።

አትየኝ እንዲህ። ወጥመዱን እኔ አልሠራሁትም። ሜዳው የማንም አይደለም፣ ነፃ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ ድንኳን ከመትከልህ በፊት ቅርብ ያለው ቤት ሄደህ ትጠይቃለህ። ክፍያ የለውም። ሰላምታ ብቻ። ይህን በመጀመሪያው ጽሑፌም አላስገባሁትም፣ ማን ሳያውቀው ያድጋል? መስፍን ቢጠይቅ ኦቦ አማን ይነግሩታል። አይጠይቅም። አውቀዋለሁ። ጃኬቱ አያስጠይቀውም።

ኅዳር 10፣ 9 ሰዓት

መኪናው ጎባ ላይ ቆመ። እንግዶቹ ወረዱ። ፈረንጅ መስለውኝ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌና ባለቤታቸው ናቸው፣ ጡረተኞች። እትዬ ከዘራ ይዘዋል። ቀጥ ብለው ወደ ዳማ መጡ፣ ግንባሯን ዳሰሱ፣ ስሟን ጠየቁኝ። መስፍን ወደ ሌላ ያያል።

መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

11 ሰዓት። ኦቦ አማን ቤት ጎራ አልኩ። የመጣ እንግዳ አለ ወይ አልኳቸው። ማንም አልመጣም። ወይ መስፍን! ጮቤ ረገጥኩ። ግማሽ ጮቤ። ከዘራው ዓይኔ ላይ አለ።

ኅዳር 11፣ ረፋድ

ድል! ጉብታው ላይ ተቀምጬ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ሁሉን አየሁ። መጀመሪያ ቃጭል። ቀጥሎ አቧራ። ቀጥሎ ከብት፣ ከብት፣ ከብት። ቀይ ኮርማ ከፊት። የመስፍን ድንኳን እንደ ጤፍ ቂጣ ተነጠፈ። መስፍን በአንድ እግሩ ጫማ ኮሶ ዛፍ ላይ። አዲሱ ጃኬት? ላም እያኘከችው ነው!

ኦቦ አማን ከታች ቆሙ። አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ አሉት፣ ረጋ ብለው። «አንተ፣ ሆራ ላይ ተኝተህ ነው ከብቴን የምትቀበለው?»

«ነፃ ቦታ ነው ተብሎ ተጽፏል!» ይላል ከዛፉ።

«ጽሑፉ ታየህ፣ ቤቴ አልታየህም?»

እረኞቹ በሳቅ ሞቱ። ይህ ወሬ እስከ ብድሬ ከተማ ይደርሳል። እኔ ባልወስደው እንኳ። እወስደዋለሁ።

ሽማግሌዎቹስ ትላለህ። ደህና ናቸው። አትጨቅጭቀኝ።

ኅዳር 11፣ 10 ሰዓት

መስፍን ቤቴ መጣ። ያለ ጃኬት። አልተቀመጠም። ሰኞ ሌላ እንግዳ አለ፣ ዳማን ይዘህ ና፣ እንደ ድሮው አለኝ። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም። አስብበታለሁ አልኩት። ዘይነባ ከጓዳ እህህ ብላ ሳለች።

አሰብኩበት። እሄዳለሁ። ግን ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ቤት እያንኳኳ ሰላምታ የሚያቀርበው ደግሞ እሱ። በየቤቱ። ቆሜ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ደብተሬ። ጠዋት ከጻፍኩልህ አንዱ የፈጠራ ነው። ጃኬቱ እውነት ነው፣ ኮሶውም። ጉብታው ላይ ግን አልነበርኩም። ቆሎም አልቆረጠምኩም። ሳይነጋ በዳማ ባዶ ጀርባ ወረድኩ። የሽማግሌዎቹን ካስማ ነቀልኩ፣ እትዬን ዳማ ላይ አወጣሁ፣ ባላቸው ከዘራውን ይዘው ተከተሉኝ፣ ኦቦ አማን ግቢ አስገባኋቸው። ቃጭሉ ገና ሩቅ ነበር። መመለስ እችል ነበር። እትዬ እጄን ይዘው ያ ልጅስ፣ አስጎብኚው አሉኝ።

እሱ ጽሑፍ አለው አልኳቸው።