ሰሊጡ ካለቀ በኋላ የመጡት

ጥቅምት 28፣ መተማ ዮሐንስ

ለባለእርሻው ለአቶ ሙሉቀን፣ «ዘንድሮ ሠራተኛ የሚጠራው ደላላ ሳይሆን የቲክቶክ ቪዲዮ ነው» ብዬ የሰሊጥ አጨዳ ማስታወቂያውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ግምቴ ያዘልኝ። ምነው ባልያዘ!

ዛሬ መናኸሪያው ከጎጃምና ከወሎ በመጡ ሠራተኞች ተሞልቷል። ሰሊጡ ግን ታጭዶ አልቋል። ማጭድ የያዘ አንድ ጎልማሳ ቪዲዮው ላይ ባየው መልኬ ለየኝ።

«ወንድሜ፣ አንተን አምነን ነው የመጣን። እርሻው በየት በኩል ነው?»

አቶ ሙሉቀን ዘንድ ደወልሁ።

«ሰሊጡ አልቋል፤ ምን ላድርጋቸው ልጄ?» ብለው ዘጉት።

ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? ሌሎች ወስደው በየገጻቸው ለጥፈውታል፤ ሰው አሁንም እየተቀባበለው ነው።

ሸሽቼ ቤቴ ገባሁ። ይህን ስጽፍ ሌላ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ መናኸሪያው አለፈ። ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?