በእኔ የተሳበበው አሥራ አንድ ዓመት

ሊማን፣

የዶሮ ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ ከለቅሶው ቤት ስትመለስ አሙቀው። ጫጩቶቹን ሳይመሽ አስገባቸው። ለነገው ቀብር ጥቁር ኮትህን ተኩሼ በሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ጠዋት ቴምብር ስፈልግ መሳቢያህን ከፈትኩ። ለኤጲስ ቆጶሱ የጻፍካቸውን ደብዳቤዎች ቅጂ አገኘሁ።
አሥራ አንዱንም አነበብኩ።

በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ ሌላው ፓስተር ሁሉ ይዛወራል። እኛን ለምን ይረሱናል ስልህ፣ "እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ ከላይ ካልታዘዘ!" ትለኛለህ። ለካ በየዓመቱ ሌላ ቦታ ሲመድቡህ፣ "እህቴ ይህን አገር ትታ መሄድ አትችልም፤ ልቧ ይሰበራል" እያልክ ትመልስላቸዋለህ!

እኔ? ይህን አቧራ? የሴቶች ማኅበሩ በዓመት ሁለቴ ንብረት ሊቆጣጠር መጥቶ ማንኪያ ሳይቀር የሚቆጥርበትን የቤተ ክርስቲያን ቤት? እኔ እኮ የቆየሁት አንተን ብቻህን መተው አሳዝኖኝ ነው።

አዲስ ሰው፣ አዲስ ቦታ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ...
ተወው።

በአሥር ሰዓቱ ባቡር ወደ ኦማሃ ከተማ እሄዳለሁ። ሳልሰናበትህ በመሄዴ ይቅርታ አድርግልኝ። ዓይንህን ካየሁ እቀራለሁ።

ለኤጲስ ቆጶሱም ጽፌላቸዋለሁ፦ "እኔ እህቱ ሄጃለሁ፤ ከእንግዲህ ወንድሜን እዚህ የሚያስቀረው ነገር የለም።" ፖስታ ቤት ገብቷል፣ መሳቢያ ውስጥ አትፈልገው።

የአባባን ትልቁን ሻንጣ አራግፌ አልጋህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። ባዶ ነው።

ዖርፋ