የጎረቤት ልጅ

አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ
የሐኑካ ሰሞን፣ 2014

ውድ እታለም፣

እንደምን ሰንብተሻል? ያ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ? ገብሩስ ምግብ ይበላል? እኛ፣ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ ቆመን እየሄድን ነው። ካሰችም በጣም አድርጋ ሰላም ብላሻለች።

ይህን ስታዪ ማን ጻፈለት ማለትሽ አይቀርምና ልገላግልሽ፤ እኔው ነኝ። ያ የፊደል ገበታ ባየ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ይል የነበረው ወንድምሽ። የማታው ትምህርት ሁለቱንም አስተምሮ አስመረቀኝ፤ ዕብራይስጡን ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛውን ከግራ ወደ ቀኝ። አንድ ቀን አንጎሌ ውስጥ እንዳይላተሙ እፈራለሁ። አስተማሪያችን ዚቫ እንደኔ ያለ ተማሪ አይታ እንደማታውቅ ተናግራለች። በምን በኩል እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ደክሞኛል፣ እታለም። በስልክ ስለ ልጄ ስለ ኖዓ የምነግርሽን ታስታውሺያለሽ፤ ቆጠረች፣ ዘፈነች፣ ሁሉን ቀደመች። መዝፈኑ እውነት ነው። ሰባት ዓመት ሞልቷት ጫማዋን ብቻዋን አታደርግም። እርሳስ ከእጇ ይወድቃል። ጫጫታ ሲበዛባት ደግሞ ባገኘችው በር ወጥታ ትሮጣለች፤ መኪና ይምጣ አይምጣ አታይም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰያዓት አለቻት፤ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ የማትለይ ረዳት ማለት ነው። ሬቩታል ትባላለች። ኖዓ ከሷ ጋር ስትሆን እኔን ትረሳኛለች።

ረዳት በየዓመቱ የሚፈቅደው ቫዓዳ ነው፤ ጠረጴዛ ከበው ስለ ልጅሽ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሃኪርያ፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሰፈር፣ ጠሩን። ካሰች ሥራ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ሄድኩ። አስተርጓሚ እንጥራልህ ቢሉኝ፣ እኔ? አልኩ፤ ዚቫ ያስመረቀችው ሰው? አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ልጅህ ምን ትችላለች አሉኝ። እንግዲህ አንቺ ፍረጂ፤ እኛ ቤት ያደገ ሰው ባዕድ ፊት የልጁን ጉድለት ይዘረዝራል? ሁሉን ትችላለች አልኩ። ትለብሳለች፣ ታነባለች፣ መንገድ ታቋርጣለች። ፈገግ ሲሉልኝ ጊዜ ጨመርኩበት። እነሱም እያመሰገኑኝ ጻፉ። ፈተና ያለፍኩ መስሎኝ ለካሰች ኬክ ገዝቼ ገባሁ።

ትምህርት ሲከፈት ሬቩታል እስከ ዕረፍት ሰዓት ብቻ ሆነች። አባቷ ራሷን ችላለች ብሏል ተባለ። ወዲያው በዚያው ሰሞን ኖዓ ከግቢ ወጥታ አስፋልት መሀል ቆማ ተገኘች። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ፍሬን ይዞ ወርዶ፣ እጇን ይዞ እየመራ መለሳት። ከዚያ ወዲህ እኔ ወደቡ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ገባሁ፤ ቀን ሬቩታል ስትወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እቀመጣለሁ። ጥበቃው ሺምዖን፣ ደመወዜን ልትወስድብኝ ነው ወይ ይለኛል። ና መጋዘኑን ጥረግልኝና እንቀያየር እለዋለሁ። እንስቃለን። እሱ ዞር ሲል ዓይኔ ይከደናል፤ በሩ ሲንቋቋ ደንግጬ እነሳለሁ።

ይግባኝ አልን፤ ደግመው ጠሩን። የዚያን ዕለት ጠዋት ካሰች ሸሚዜን እየቆለፈችልኝ፣ «ዛሬ ስለ ልጃችን አታውራ» አለችኝ። «የጎረቤት ልጅ እንደምታማ ሆነህ ተናገር። እሱን ትችልበታለህ።»

ኖዓንም ማየት ስለፈለጉ ይዣት ሄድኩ። ከጎኔ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ያው ጥያቄ መጣ። ዞር ብዬ ኖዓን አየኋት። ኖዓ አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ ቋንቋዋ ዕብራይስጥ ነው። በዕብራይስጥ ከተናገርኩ ከአባቷ አፍ ልትሰማው ነው። ስለዚህ ዕብራይስጥ አልችልም፣ አስተርጓሚ ይጠራልኝ አልኩ።

አባተ የሚባሉ ሽበታም ያገራችን ሰው መጡ። ስንመረቅ በዕብራይስጥ ንግግር ሳደርግ ከፊት ተቀምጠው ያጨበጨቡልኝ ሰው ናቸው። አዩኝ፤ አየኋቸው። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። እኔ በአማርኛ አልኩ፤ እሳቸው በዕብራይስጥ አሉ። ጫማ አታደርግም። ሽንት ቤት ብቻዋን አትሄድም። ፊደል አትለይም። መኪና አትፈራም። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ፣ እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ፣ እንዲያ እንዲያ ስንል ጨረስነው። ስንወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው፣ ዛሬ ዕብራይስጥህ ከመቼውም ይልቅ አምሮ ነበር አሉኝ።

አውቶቡስ ላይ ኖዓ በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ ሰውዬው ስለ የትኛዋ ልጅ ነው ሲያወራ የነበረው ብላ ጠየቀችኝ።

«የጎረቤት ልጅ» አልኳት።

ከመስኮቱ ወደኔ ዞረች። «ሬቩታልን እናውሳት» አለችኝ።

መልሱ ትናንት መጣ። ሬቩታል ቀኑን ሙሉ ትመለሳለች። ካሰች እልል አለች። እኔ ግን ደስታው ሳይሆን እንቅልፉ ነው የመጣብኝ። ለከርሞም ቀርቤ ያንኑ ልደግም ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አድጋለችና ይበልጥ ይገባታል።

እታለም፣ ያ «የጎረቤት ልጅ» የሚለው መልስ ከአፌ ሲወጣ የማን ድምፅ እንደመሰለኝ ላንቺ መንገር አያሻኝም። እንግዳ ተቀምጦ ከጓዳ የገብሩ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አብረን ሰምተነዋል። ገብሩን ሳሚልኝ። ወደ ደጅ አውጪና ፀሐይ ላይ አስቀምጪው። አላፊ አግዳሚው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ወንድማችን ነው በይው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ደጅሽ በሰው ይሙላ። በኢየሩሳሌም ሁላችንንም፣ አንድም ሳይጎድል፣ ያገናኘን።

ያለ አስተርጓሚ የጻፈልሽ
ታናሽ ወንድምሽ