ባለፈው ፋሲካ የዋሸሁት

ለከሲታዋ ልጄ ለዮኒት፣

እግዚአብሔር በዚያ በህንድ መንገድ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ትንሽ ሥጋም ይጨምርልሽ። እኛ ደኅና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ መዋሸት ፈርቻለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን "ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝ" ብዬ አስመጣሁሽ። አንቺ እያለቀስሽ ስትደርሺ እኔ ናሓል ሀደራ መናፈሻ ሥጋ እየጠበስኩ ስስቅ አገኘሽኝ። አሁን የእውነት ነው፤ እዚያው ጡቴ ላይ ተገኘ። አክስትሽ ደብሬ "የጣሳ ምግብ ነው ያመጣብሽ" ትላለች። የጣሳውንማ የምትጨርሰው እሷ አይደለችም እንዴ! እኔ ግን በገዛ አፌ እንደጠራሁት አውቃለሁ። ለሐኪሟ ብነግራት "ውሸት ካንሰር አያመጣም፣ ዘነበወርቅ" አለችኝ። እሷ ያን ቀን ፊትሽን አላየችው።

እሑድ ኒቱአሕ አለኝ፤ እብጠቱን ሊያወጡልኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እቀልዳለሁ። ፊደሌ ድሮም ጠማማ ነው፤ ዛሬ ግን ወረቀቱን ሁለቴ ቀድጄ እንደገና ጀመርኩት።

ነይ አልልሽም፣ አንዴ አስመጥቼሻለሁ። ብቻ ሳያስገቡኝ ደውዪና "አፉ ብዬሻለሁ እማዬ" በዪኝ። እንዲያ ካላልሽኝ፣ ቢያወጡትም ተመልሶ የሚመጣ ይመስለኛል።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፣ ከእኔም አፍ ጭምር።

እናትሽ ዘነበወርቅ