የማዶ ታርጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም ደብዳቤውን አልሰጡትም። አባዬ ከትራንስፖርት ቢሮ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ገባኝ። ባጃጇ ግቢያችን ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ከቆመች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ሁለቱን በሬዎቻችንን ሸጦ ያመጣት ናት።

ነገሩ ለራሴም እንዲገባኝ ልጻፈው። የተገዛችው ጅማ ስለሆነ ታርጋዋ የኦሮሚያ ነው። እኛ ቦንጋ ነን፤ ሌላ ክልል። የማዶ ታርጋ ከጎጀብ ወንዝ ወዲህ ሰው መጫን አይችልም። ታርጋው እንዲቀየር ፋይሏ ወደዚህ መምጣት አለበት። የእኛ ቢሮ፣ መጀመሪያ ከማዶ የመሸኛ ክሊራንስ ይምጣ ይላል። የማዶው ቢሮ፣ መጀመሪያ «እንቀበላለን» የሚል ደብዳቤ ከእናንተ ይምጣ ይላል። አባዬ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እሺ ማዶ ልሥራ ቢል ደግሞ የዚያ የባጃጅ ማህበር «መታወቂያህ የቦንጋ ነው፣ አልመዘግብም» አለው።

«እዚህ ባጃጇ እንግዳ፣ እዚያ እኔ እንግዳ» አለ።

አማርኛ ማንበብ ስለሚከብደው ወረቀቶቹን የማነብለት እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ለዚህ አላንስም። «በመሆኑም» የሚል ቃል ካየሁ ከሥሩ ያለው እምቢታ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።

ሐሙስ እማዬ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። የእግሯ ጀሶ ይፈታል።

ማክሰኞ

አባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። በጠዋት ላስቲኩን ገፎ ወጣ። ጨውና ሳሙና መግዛት ስለነበረብኝ አብሬው ሄድኩ። መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጫነ።

«ትራፊክ ከጠየቃችሁ ዘመድ ነን በሉ» አላቸው። የማዶ ታርጋ የያዘ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ተሳፋሪውም ያውቀዋል።

አንዲት ወፍራም ሴትዮ «በእናትህ ወገን ነው በአባትህ?» አለችው።

«በፈለግሽው።»

«እንግዲያው በእናትህ ይሁን። የአባትህን ወገን አላውቃቸውም፣ ክፉ ቢሆኑስ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ትራፊክ ባየሁ ቁጥር ፊቴን በነጠላዬ እሸፍን ነበር። ማንም አላስቆመንም። አባዬ እያፏጨ ተመለሰ። 

ረቡዕ

ዝናብ። አባዬ ቢሮ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተባለ። ነገስ? ነገም ላይኖር ይችላል አሉት።

ማታ አባዬና እማዬ ስለ ነገው መንገድ ተጨቃጨቁ። እሷ ፈቃድ ባለው ባጃጅ እንሂድ አለች። «ደጄ ባጃጅ ቆማ ሚስቴን በሰው ባጃጅ አልልክም» አለ። ደግሞ ቤተሰብ ተሳፋሪ አይደለም፣ ማንም አይከለክለኝም አለ። በዚህ እንኳ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ

 ባጃጇ ታሰረች። በእኔ ምክንያት።

ሆስፒታሉ ሳንደርስ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሳጅን አስቆመን። ታርጋውን አየና ሳቀ።

«ምንህ ናቸው?»

«ሚስቴና ልጄ።»

«ትናንት አንድ ሰው ይዣለሁ፣ አምስት አክስት ጭኖ። አምስቱም ስሙን አያውቁትም።»

እማዬ መታወቂያዋን አወጣች። ግን የእሷ መታወቂያ ላይ ያለው የአባቷ ስም ነው፤ የባሏ አይደለም። ባሌ ነው ብላ ብትምልም «እናቶች የተነገራቸውን ጥሩ አድርገው ያጠናሉ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«አንቺ፣ ምንሽ ነው ይሄ ሰውዬ?»

አባቴ ነው ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቃል። ሰው ከቦን ቆሟል፣ ሁሉም እኔን ያያል።  ጫማዬን አየሁ። አባዬ «ንገሪው እንጂ» አለ። ይሄኔ ጭራሽ ባሰብኝ፤ እንባዬ መጣ።

«አየህ» አለ ሳጅኑ፣ «ልጅቷ መዋሸት አልቻለችም።»

ባጃጇን ወደ ፖሊስ ግቢ ወሰዷት። እኛ በሌላ ባጃጅ ሆስፒታል ደረስን፤ ጀሶውን ፈቱላት። እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አባዬ ቤት ስንደርስ የባጃጇን ላስቲክ አጣጥፎ አስቀመጠ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ

የተነገረው ይህ ነው። የጫነው ቤተሰቡን ከሆነ በማስጠንቀቂያ ይለቀቃል። ተሳፋሪ ከሆነ ግን ያለ ፈቃድ ሠርቷል ተብሎ ባጃጇ ጉዳዩ እስኪያልቅ እዚያው ትቆያለች። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ቤተሰብ ለመሆናችን ከቀበሌ ማስረጃ እንዳናመጣ ማህተም የያዘው ሰውዬ ለስብሰባ ደካ ከተማ ሄዷል።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ነበር። «እኔ ልሂድ» አልኩ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና ኮቱን አነሳ።

የፖሊስ ጣቢያውን ክፍል ሰው ሞልቶታል። ሳጅኑ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«አባቴ ነው» አልኩ፣ ገና ሳይጠይቀኝ። «አስቴር ገብሬ እባላለሁ። እሱ ገብሬ ነው። መታወቂያውን ይዩት።»

«ትናንት ምላስሽ የት ሄዶ ነበር?»

«አፍሬ ነው።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሳጅኑ ግን አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እሺ፣ ትናንት ልጁ ነሽ። ከዚያ በፊትስ? ሌላ ሰው ጭኖ ያውቃል?»

አባዬ አጠገቤ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማኛል። አይ፣ አያውቅም ማለት እችል ነበር። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ማክሰኞ ሦስት ሰው ጭኗል» አልኩ። «ዘመዶቻችን አይደሉም። ደብዳቤውን ሁለቱም ቢሮ ስለከለከሉት ነው። አንዱ አንተ ቅደም ይላል፣ ሌላውም አንተ ቅደም ይላል።»

 ሳጅኑ አባዬን አየው። «ልጅህ ናት» አለ። «ተሳፋሪማ እንዲህ አያጋልጥም።»

የሐሙሱን በማስጠንቀቂያ አለፈው። የማክሰኞውን ደግሞ፣ የእኛ ክልል ታርጋ እስኪለጠፍ አንድም ሰው አልጭንም የሚል ወረቀት አስፈረመው። ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ባጃጇ ተመልሳ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሥራ የለም። አሁን በስርቆሽም የለም።

ዛሬ ቁርስ ላይ አባዬ «‹አባቴ ነው› ላይ ብታቆሚ ምን ነበር?» አለኝ። እማዬ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ አልሳቀም፤ ግን ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ወደ እኔ ገፋው።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቀለለና ሰጠኝ። ሰኞ ማዶ እንሄዳለን፣ ሁለታችንም። ለቢሮው ሰዎች የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ አለኝ። አልችልም አልኩት። «ትናንት ማን ነበር የቻለው?» አለ።

ምን እንደምል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ሰረዝኩ። እምቢ ቢሉስ? የሚሉ ይመስለኛል። ቢሆንም ቀሚሴን አጥቤ አስጥቻለሁ። እስከ ሰኞ ይደርቅ ይሆናል።