የእማዬ ወንበር ዕድሜ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ጠዋት እንነሳለን ማለቴ ነው። እማዬ ከተቀበረች ወዲህ እንባ እምቢ ብሎኛል። ጎረቤት መጥቶ ሲያለቅስ እኔ መቀመጫ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። ጥርሱን ተነቅሎ ማደንዘዣው ያልለቀቀው ሰው ታውቅ የለ? እንደዚያ ነኝ።

ከዕቃዋ ሌላ አልፈልግም፣ የምትወዛወዝበትን ወንበር ብቻ ላኩልኝ ብለህ ነበር። አባባም ይሂድለት አሉ። ዕቃ ላኪው ግን ወንበሩን ሲያየው፣ ቅርስ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ከአገር አይወጣም አለኝ። አባባ ሳቁ። በዚህ እጄ የሠራሁት ወንበር ምን ሲደረግ ቅርስ ይሆናል አሉ። የእንጨት ሥራቸውን ታውቀዋለህ፤ መካኒክነታቸው ባያበላን ኖሮ በአናጢነታቸው ጦማችንን እናድር ነበር። የሠሩት ጠረጴዛ ያነክሳል፣ የሠሩት በር አይገጥምም። ወንበሩ ብቻ ቀጥ በማለቱ ስንት ቀን ቀልደናል።

ባለፈው ሳምንት ከቅርስ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ መጣች። ወንበሩን አንሶላ ላይ ገልብጣ ሆዱን በባትሪ አየችው። መቀመጫው ሥር የመጥረቢያ ጠባሳ አለበት፤ መጋጠሚያው ሁሉ በእንጨት ችንካር የተያዘ ነው፣ አንድ ምስማር የለውም። በእጅ የተጠረበ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ነው አለች። አባባ ጫማቸውን ያያሉ። እሷ ግን አልጨረሰችም። አራቱ እግሮች ከታች በመጋዝ ተቆርጠዋል፤ የሚያወዛውዙት ሁለቱ ቅስቶች በኋላ የተጨመሩ ናቸው፣ እንጨታቸውም ሌላ ነው፣ የያዛቸውም የመኪና ብሎን ነው አለች። መቼ እንደተጨመሩ ግን መገመት አልቻለችም።

የነገሯት አባባ ናቸው። ወንበሩ የእማዬ አያት ንብረት ነበር፤ ስታገባ ይዛው የመጣችው። አንተ በተወለድክ ሰሞን ካልተወዛወዝኩ አልተኛም ብለህ የእማዬ ክንድ ዛለ። አባባ እግሮቹን ቆርጠው፣ ጋራዥ ከወደቀ የጭነት መኪና በፈቱት ብሎን ቅስቶቹን ገጠሙ። እንግዳ ሲያደንቀው እኔ ነኝ የሠራሁት አሉ፤ አንዴ ካሉ በኋላ መመለሻ አጡ። እማዬም ስንቀልድባቸው እየሰማች አንድ ቀን አላጋለጠቻቸውም። ዝም አይነቅዝም ብላ ይዛው ሄደች። ይሄን ስሰማ እንኳ ሆዴ አልባባም።

ወንበሩ አይወጣም፣ ቅስቶቹ ግን ቅርስ አይደሉም ብላ ባለሙያዋ ሄደች። እኔም ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጨንቆኝ ዋልኩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አባባ ሳሎን መሀል ተንበርክከው ብሎኖቹን በመፍቻ ይፈታሉ። ቅስቶቹን በእማዬ ሻርፕ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ከወንበሩ የኔ ይቺው ናት። ድሮም የሠራሁት ለሱ ነው፣ ይድረሰው» አሉ።

እንጨቱን ታቅፌ ቆምኩ። አሁን ይመጣል ብዬ እንባዬን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። እስከዚያ ቀን ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ወንበሩ ባዶውን ይወዛወዝ ነበርና አባባ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አሁን ዝቅ ብሎ እንደ ማንኛውም ወንበር ቆሟል። ዛሬ አባባ ተቀመጡበት።

ጥቅሉን ዕቃ ላኪው ተቀብሎኛል። ለባለቤትህ ጥብቅ ሰላምታ አቅርብልኝ። ትልቁን ልጅህን አክስትህ ትናፍቅሃለች በለው። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ላላየናት ሕፃን ደግሞ የአባባ መልእክት አለ፤ አልተኛም ካለች ከቤትህ ወንበሮች የአንዱን እግር ቆርጠህ ቅስቶቹን ግጠምላት ብለዋል። ብሎኖቹን ዘይት ቀብተው ጥቅሉ ውስጥ ከተዋቸዋል።

እህትህ

ከቤታችን፣ ከሳሎኑ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን